ራኦጎ ይቅርታ የጠየቀ ዕለት

ራኦጎን የማሰናበቱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኛ! «በሥራ ገጻችን ላይ ሰው የሰደበ ይሰናበታል» ብዬ ስጽፍ ራሱ ራኦጎ አጠገቤ ተቀምጦ አጨብጭቦልኛል። የዚያን ሰው ምላስ ደንብ እንደማይገዛው ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ሥራችን ደመወዝ የለውም። የመንደር ውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ለጠጋኙ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነው። ራኦጎ ዋጋዱጉ፣ አባቱ ግቢ ውስጥ ጀመረው፤ ዛሬ ከዳካር እስከ ኮቶኑ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይጽፉታል። አዲስ ሰው ኮድ ሲልክ ከነባሮቹ አንዱ ያነብና አስተያየቱን ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ ያሰፍራል።

ላሲና ቶኤ የሚባል ሰው ከቱጋን የመጀመሪያ ኮዱን ላከ። ቶኤ የሳሞ ጎሳ ስም ነው። እኛ ሞሲዎች ደግሞ ከሳሞ ጋር ከተገናኘን መሰዳደብ ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው ጨዋታ ነው፤ አንዱ ሌላውን ባሪያዬ ይላል፤ ቀብር ላይ እንኳ አንማማርም፣ የሚቆጣም የለም። ራኦጎ ስሙን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም።

«ይሄ ሰውዬ የውሻ ጭንቅላት እየጋጠ ነው የጻፈው» ብሎ ገጹ ላይ ጻፈ። «አንተ ባሪያዬ፣ እጅህን ታጠብና እንደገና ሞክር!»

ሌላ አገር፣ ኮቶኑ ሆና አብራን የምትጽፈው ሁኤፋ ይህን አነበበች። የሞሲና የሳሞን ነገር ከየት ታውቀዋለች? «ባሪያ ብሎታል፤ ደንቡ ይፈጸም» ብላ ጻፈች። አልፈረድኩባትም። ላሲና ደግሞ ጭጭ አለ።

ራኦጎን ጠራሁት።

«ይቅርታ ጠይቅ።»

«ሳሞን? አብደሻል እንዴ? አያቴ ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ያጮለኛል!»

«አያትህ ፕሮግራም አይጽፉም። ጻፍ፣ አለዚያ አሰናብትሃለሁ።»

ጻፈ። «ክቡር አቶ ቶኤ፣ በቃላቴ ስለደረሰብዎ ጉዳት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሲጽፍ ወባ የያዘው ይመስል ነበር። ላሲና አሁንም ዝም። ሁኤፋ «ተበዳዩ ያልተቀበለው ይቅርታ ምን ይፈይዳል?» አለች። ያለ ራኦጎ ያንን ግቢ ማሰብ አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ የመጣው ይምጣ ብዬ ለላሲና ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ላሲና፣ ቲፖኮ እባላለሁ። ስላስቀየምንዎት ነገር…»

«ቲፖኮ? ሞሲ ነሽ?»

«አዎ፣ ግን…»

«ታዲያ ‹እርስዎ›ን ምን አመጣው?» ከፍቶታል። «ሲሰድበኝ ዘመድ አገኘሁ ብዬ ስስቅ ዋልኩ። ጥሩ መልስ እያሰናዳሁለት ሳለ ‹ክቡር አቶ› የሚል መጣልኝ። ምን አደረግኳችሁ? ለምን ባዳ አደረጋችሁኝ?»

‹እርስዎ›ን ወዲያ ጣልኩት።

«አንተ ውሻ በል! ይሄን ለመናገር ነው እንዲህ የምታስጨንቀን?»

«እሰይ! አሁን ሰው ሆንሽ፣ አንቺ አህያ በል!»

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ የምልሽ ግን፣ ኮዴ የቱ ጋ ነው የተበላሸው? ስድቡንም ይቅርታውንም አነበብኩ። እሱን የነገረኝ የለም።»

ስለ ክብሩ ያን ያህል ስንነታረክ ሥራውን ያየለት ሰው አልነበረም።

ለራኦጎ ነገርኩት። አፈረ፤ ሲያፍር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቁጭ ብሎ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ኔትወርክ ሲቆራረጥ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ደግመህ ከመላክህ በፊት መሄድ አለመሄዱን አረጋግጥ። ሌላው በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። ላሲና ከሰዓት በኋላ አስተካክሎ መለሰው። ከሥሩም ይህን ጨመረበት፦

«እህቴ ሁኤፋ፣ ስለተቆረቆርሽልኝ አላህ ይስጥልኝ። ራኦጎ ግን የእኔ ባሪያ ነው። ያለ ጌታው ፈቃድ ማንም አያሰናብተውም።»

ሁኤፋ መለሰች፦ «ምንም አልገባኝም። ተበዳዩ ራሱ ተበደልኩ ካላለ እኔ ምን አገባኝ? ስድባችሁን ግን በስልክ አድርጉት፤ ገጹን እንግዳ ያነበዋል።» ይህም ልክ ነበር፤ በዚያው ጸደቀ።

ራኦጎ የላሲናን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ቁጥሩን ስጪኝ» አለኝ ስልኩን እያወጣ። «ይሄንን ውሻ በል እስኪጠግብ ሰድቤ አመሰግነዋለሁ።»