የፎካሪው ምስክር

ጀብሪል ሠርግ ላይ ምን ብሎ እንደሚፎክር የመካነ ሰላም ሰው አስቀድሞ ያውቃል፤ ባድመ ላይ ጭኑን ተመትቶ በአንድ እግሩ እያነከሰ ከምሽግ የወጣው እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲፎክር አንድ ቀን እንኳ ደክሞት አያውቅም። ሚስቱ ኡሙልኸይርም ዘምታለች፤ ግን ሰዉ "እሷማ ወጥ ቤት ነበረች" ብሎ ያልፋታል። ማን ጠይቋት!

ዛሬ የልጃቸው የጁማና ሠርግ ነው። ጀብሪል ዱላውን እየነቀነቀ ፎክሮ እንደጨረሰ፣ የሙሽራው አያት ሼህ ኑርሁሴን እጃቸውን አነሱ። ከከላላ ነው የመጡት፤ በእሳቸው ቤት ፎካሪ በዓይኑ ያየ ምስክር ካልጠራ ፉከራው አይያዝለትም። ክፋት አልነበራቸውም፣ ወጋቸው ነው። ጀብሪል ግን ምስክር ሊጠራ አልደፈረም።

ከጓዳ ሆና የሰማችው ኡሙልኸይር እጇን እየጠረገች ወደ ዳሱ ገባችና እኔ እዚያ ነበርኩ አለች። ሼሁም እንግዲያው ማይና ተናገሪ አሏት።

ጀብሪል ልትሸፍንለት እንደሆነ ገባው። አንድ ወቅት ሶላት አሳልፋ የማታውቅ ሴት፣ በእሱ ጉራ ሰበብ በአላህ ስም በውሸት ልትምል ነው! ዝም ቢል እሱ ተከብሮ ይውላል፤ ነገ አላህ ፊት የምትጠየቀው ግን እሷ ናት። አንጀቱ አልቻለም።

"እንዳትምይ" አላት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። "በእግሬ አልወጣሁም። ይቺ ናት አዝላ ያወጣችኝ። ቁስለኛ አውጪ ነበረች፤ ጥይት እየዘነበ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። በሴት ጀርባ ወጣ እንዳልባል አፍሬ ደበቅሁት። እሷም ገመናዬን ሸፍናልኝ ኖረች።"

ሼህ ኑርሁሴን ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሽማግሌው ቆመው ማን ይቀመጣል፤ ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ተነሳላት። ሼሁ ዱላውን ከጀብሪል ተቀብለው ለእሷ ዘረጉላት። ኡሙልኸይር አፍራ አልቀበልም ብላ ነበር፤ ጁማና በሙሽራ ልብሷ መጥታ "እማ፣ በሞቴ" ስትላት ግን ዱላውን ጨበጠች።

"ዘራፍ የእናቴ ልጅ!
ጥይቱ ሲንጣጣ፣ እሳቱ ሲነድ፣
ሳልወልድ ያዘልሁ ባለ ጢም ወንድ!"

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሼሁ እልልታው እስኪበርድ ታግሠው፣ እንደ ወጋቸው ምስክር ጠየቁ።

ጀብሪል ደረቱን ነፍቶ ወደ መሐል ገባ፤ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

"ባለ ጢሙ እኔ ነኝ" አለ።