«እኔን» ማለት

«ራስሽ ነሽ ያልሽው! ‹እኔን› ብለሻል፤ ይኸው ይስሙ!» አለ የፒክአፑ ሹፌር፣ ስልኩን ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ጆሮ እያስጠጋ።

ሴትዮዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከግማሽ ሰዓት በፊት ቀይ መብራት ይዟት በቆመችበት ይሄ ሰው ከኋላ መጥቶ ገጫት። የተከራየቻት መኪና የኋላ ፓራውልት ተገንጥሎ አስፋልት ላይ ወደቀ። ዓይኗን ታክማ ከሆስፒታል የወጣችው እናቷ አጠገቧ ሆና ጮኸች። እሷ ግን ሞኝ አይደለች! እናቷ ደህና መሆኗን ካየች በኋላ ዘልላ ወረደች፤ የሰውዬው ግንባር ሲደማ ስታይ አንጀቷን በላት፤ «እኔን! እኔን!» እያለች ደሙን በገዛ ሻርፗ ጠረገችለት። ለካ እሱ ስልኩን ከፍቶ እየቀዳት ኖሯል!

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለቷ ነው» ብሎ ደመደመ።

ደሟ ፈላ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ እንዴ? ስላዘንኩልህ እኮ ነው! እንኳን ሰው፣ ድመት ሲያነክስ ባይ እኔን እላለሁ!»

«‹እኔ› ሌላ፣ ‹እኔን› ሌላ» አለ ሽማግሌው ትራፊክ ሳቁን እየዋጠ። «ይልቅ ኢንሹራንስህን አምጣ።»

ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ አተራመሰ፣ ተመልሶም ሴትዮዋን ወደ ዳር ጠራት። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ፤ አሁን ቅቤ የመሰለ አንደበት አውጥቷል።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የለኝም። መኪናዬን ይይዙብኛል። ያንቺ የኪራይ ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ብትፈርሚ ማን ይጎዳል? ኢንሹራንስ ሰው አይደል፣ አያለቅስ!»

ማን ይጎዳል! ዓይኑን በጨው ያጠበ! ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት፣ ስንት ደጅ ጠንታ፣ ሰኞ የተማሪዎቹን ሚኒባስ ልትረከብ ነው። ዳይሬክተሯ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገቧ ላይ አንዲት ጥፋት ከተገኘች ሕፃናት አይሰጧትም።

እናቷ ይህን አታውቅም። ልመናውን ሰምታ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ፈርሚለት ልጄ፤ ምስኪን ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል» አለች።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ተሸፍኖ ነው እንጂ ምስኪንስ አይመስልም! ከፈረምኩ የሰኞው ሥራ ቀረ። ተመልሼ መወልወያዬን ልያዝ?»

«የምን የሰኞ ሥራ?»

«ሹፌር ልሆን ነው። የትምህርት ቤቱን መኪና። ቤት ስንገባ ልነግርሽ ነበር።»

እናትየው ወደ ሰውዬው ድምፅ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ያለ ኢንሹራንስ ስንት ጊዜ ነዳህ?»

«ሦስት ዓመት ነው እማማ። ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ…»

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ትራፊኩ የአደጋ መግለጫ ቅጽ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ዘርግቶ፣ የሆነውን በራሷ ቃል እንድትጽፍ ብዕር ሰጣት። «ቆሜ ሳለሁ ከኋላ…» ብላ ጀመረች። «መታኝ» ላይ ስትደርስ ከንዴቷ ብዛት ብዕሩን ተጭናው ወረቀቱ ተቀደደ።

«አየሽ? ወረቀቱ እንኳ እምቢ አለሽ!» አለ ሰውዬው። ሊስቅ ሞከረና ድምፁ ተሰበረ። «እባክሽ እህቴ። መኪናዋን ካጣሁ አለቀልኝ።»

እውነቱን ነበር። ይሄም ገባት፤ አሁንም አንጀቷን በላት፤ ስላሳዘናት ደግሞ ይበልጥ ተናደደችበት። መምታቱ ሳያንስ፣ ማዘኗን ወንጀል አድርጎ ሊከሳት ነበር እኮ!

ትራፊኩ ሁለቱንም አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሌላ ቅጽ ልስጥሽ ወይስ ትስማማላችሁ?»

«ሌላ ይስጡኝ» አለች።

በሁለተኛው ላይ ንዴቷ እስኪበርድ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ፣ ፊደሉን አጥርታ፣ «ቆሜ ሳለሁ ከኋላ መታኝ» ብላ ጻፈች።