የሰኔ ሚካኤል በሔዋን ቤት

ሔዋን ሰካራም መሆኗን ዓመት ሙሉ ስትናገር ከርማለች፤ ግን በስፓኒሽ ነው። ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ጀርባ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ላቲኖዎች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ስሟንና ያንን ቃል ትላለች፤ ሰዉ ያጨበጭብላታል። ቋንቋዋ ስላልሆነ ቃሉ አያማትም። እዚያ የገባችውም ሐበሻ ከሌለ ወሬ የለም ብላ ነው።

የወሰደቻት ኦፌሊያ ናት፤ ሆንዱራሳዊት። ሁለቱ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ ያጥቡ ነበር። ኮሮና በከፋበት ጊዜ ሔዋን ወደ ሥራ ስትገባም ስትወጣም ቮድካ ትጠጣ ጀመር። ማስክ ሽታ ይሸፍናል ብላ ነበር፤ ኦፌሊያን ግን፣ ራሷ ከዚያው ጉድጓድ የወጣችውን፣ ማን ይሸውዳታል! ሔዋን ደጋግማ ታጥቦ ጭቃ ስትሆን እንኳ አልተወቻትም። እንዲህ የምትደግፍ ሴት በእነሱ ዘንድ «ማድሪና» ትባላለች፤ የክርስትና እናት ማለት ነው። ለእነሱ የወግ ስም ነው፤ ሔዋን ግን ዝምድና አድርጋ ያዘችው። የክርስትና እናት ደግሞ ደጅ አትቀርም።

ስለዚህ በፈረንጆቹ 2022 የሰኔ ሚካኤል እሁድ ውሎ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ሲደርሳት፣ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤቷ ኦፌሊያን ከዘመድ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ወጡ፤ ሰው በላ። ከዚያ ሔዋን ብርዝ ይዛ ቀረበች፤ ጌሾ ያልነካው የማር ውሃ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሼ ብዙነህ ናቸው፤ ግትር ሰው።

«ጠላው የታል?»

«ብርዝ ነው ያዘጋጀሁት፣ ጋሼ።»

«ብርዝማ ለሕፃን ነው! አለሙ፣ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ጀሪካን አለ። ላግዛት ብዬ ነበር የጫንኩት፤ ለካ አውቄያለሁ።»

ከማኅበርተኞቹ አንዱ የሆነው አለሙ አምጥቶ ቀዳ፤ ብርጭቆውንም ሔዋን እጅ ላይ አኖረው። ባለቤት ሳይቀምስ አያሳልፍም፤ ደንብ ነው።

የጌሾው ሽታ መጣ። እውነት እንናገር ከተባለ፣ በዚያች ደቂቃ ሔዋን ከሚካኤልም ከማኅበሩም አስበልጣ ብርጭቆውን ወደደች። አንዴ ከቀመሰች ማታውኑ ቮድካ እንደምትገዛ ታውቃለች። ኦፌሊያን አየቻት። ኦፌሊያ አማርኛው ባይገባትም ብርጭቆው ገብቷታል፤ ግን አልተነሳችም። በእነሱ ስብሰባ ማንም በሌላው ፈንታ አይናገርም።

«ቅመሺ እንጂ! መድኃኒት ላይ ነሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ ብዙነህ።

መውጫው ይኸው ነበር። ኮሎምበስ ያለ ሐበሻ ሁሉ መጠጥ ሲሸሽ መድኃኒት ላይ ነው።

«አይደለሁም። ሰካራም ነኝ፣ ጋሼ።»

በአማርኛ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። አመማት።

«ከቀመስኩ ማቆም አልችልም። ይቺ የክርስትና እናቴ ናት፤ መጠጥ ማቆሚያ ሚቲንግ ወስዳ ከዚያ ጉድ ያወጣችኝ።»

«በሚካኤል ፊት እንዲህ ይወራል? ልጆች ይሰማሉ! ዝም ብለሽ አትተዪም?»

«ስጠጣ ተደብቄ ነበር። ስተው አልደበቅም።» ጠላውን ሲንኩ ውስጥ ደፋችው።

«እንግዲያ ጽዋው ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም!»

«ጽዋው የሚካኤል ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ተራዬ ሲደርስ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ጋሼ ብዙነህ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ ግማሹ ሰው ተከተላቸው። አለሙ ጀሪካኑን መኪናው ላይ ጭኖ ተመለሰ። ብርዝ የምትቀዳው ሔዋን ጆሮ ሥር ጎንበስ አለና «ያ ሚቲንግ… የት ነው የሚደረገው?» አላት።

በደንብ ሰምታዋለች።

«ጮክ ብለህ ጠይቀኝ፣ አለሙ። እዚህ ቤት ሹክሹክታ ቀርቷል።»

አለሙ የቀረውን ሰው በዓይኑ ዞረው። ግንባሩን ጠረገ።

«ሚቲንጉ የት ነው?» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «እኔም… እኔም አልቻልኩም።»

ከ«ሚቲንግ» በቀር አንዲት ቃል ያልገባት ኦፌሊያ ብቻ ከወንበሯ ተነስታ አጨበጨበች።