በማይክራፎን የተሰጠ አገር

እስቲ ንገሩኝ፤ በአደባባይ የተሰጠ አገር በጓዳ በር ተመልሶ ይወሰዳል? «ይወሰዳል» የምትሉ ካላችሁ ይህ ታሪክ አይጥማችሁም። ቢሆንም አንብቡት፤ መድኃኒት ሁሉ አይጣፍጥም። «አይወሰድም» የምትሉ ግን ከክብሪት ጋር ትግባባላችሁ።

ክብሪት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀጭን ናት፣ ጸጉሯ ከላይ ተሰብስቦ ራሷን ያገዝፈዋል፣ ትንሽ ከጫሯት ትነዳለች። የእንቆቅልሽ ክበብ ሊቀመንበርም ናት።

በትምህርት ቤቱ ክበብ ሞልቷል። የሳይንስ ክበብ አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ያፈነዳል። የአትክልት ክበብ አለ፤ ተማሪዎቹ ሰላጣ ይተክላሉ፣ መምህራኑ ይበሉታል። የቴአትር ክበብ አለ፤ በየትርኢቱ የጥጥ ጢም ያደረገ ሽማግሌ ይሞታል። የሚኒ ሚዲያ ክበብም አለ፤ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዘፈን እያሰማ የጠፋ ደብተር ያፈላልጋል። እነዚህን ማንም አይነካቸውም፤ ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር አላቸዋ። የእንቆቅልሽ ክበብ ግን ምኑን ያሳያል? አባላቱ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይስቃሉ። አለቃ የሚባል ፍጡር ደግሞ ይህን አይወድም። ምክንያቱን የማያውቀው ሳቅ ከሰማ፣ የተሳቀው በእሱ ይመስለዋል።

ክበቡ ለረጅም ጊዜ መጠጊያ አልነበረውም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሰበሰቡ የመጻሕፍት ኃላፊዋ አባረረቻቸው። ኮሪደር ላይ ሲቆሙ ዘበኛው አባረራቸው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሲሄዱ ማንም አላባረራቸውም፤ ሽታው ግን በቂ ነበር። በመጨረሻ የድሮውን የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት አገኙ። ጠባብ ክፍል ነው፣ አንድ መስኮት አለው፣ የቆዳ ኳስ ሽታ ከግድግዳው አለቅም ብሏል። እግራቸው የወላለቀ አግዳሚ ወንበሮችን ለቃቅመው በምስማር መቱ። ከተጣለ ጥቁር ሰሌዳ ደህና የቀረውን ግማሽ አምጥተው ሰቀሉ፤ የሳምንቱ እንቆቅልሽ እሱ ላይ ይጻፋል። ክብሪት ቤቷ ውስጥ የራሷ የምትለው ጥግ የላትም፤ ከሁለት እህቶቿ ጋር በአንድ አልጋ ነው የምትተኛው። ያን ክፍል ገብታ በሩን ስትዘጋው ትከሻዋ ዝቅ ይላል።

ክፍሉ ግን የእነሱ አልነበረም። ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም አልፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ፤ የራሱ ክፍል የሌለው ክበብ አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበም አይሰበሰብም ተባለ። ምክትል ርዕሰ መምህሩም ለፈተና ማባዣ ማሽናቸው ማኖሪያ ሲፈልጉ ከርመው ዓይናቸው ያረፈው እዚያችው ክፍል ላይ ነበር። ክብሪት ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ክፍሉ ከሄደ ክበቡም አብሮ መሄዱ ነው።

የክበባት ቀን ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማሽኑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሠራል። እሷ ጊዜያዊውን ስፌት በመርፌ ትፈታለታለች፣ እናቷ በካውያ ትተኩሳለች። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ሱሪው ገና አንድ እግር ብቻ ነው ያለው።

አባቷ ደረቱን መታ። «ለቅዳሜ ቃል እገባልሃለሁ።»

ደንበኛው እያጉረመረመ ሄደ። እናቷ ቀና ሳትል፣ «እሱ እኮ ከሱሪ ጠርዝ ይልቅ ቃሉን ማጠፍ ይቀናዋል» አለች።

«ይሁን፤ እኔ ያጠፍኩት ግን አይጨማደድም» አለ አባቷ፤ ማሽኑን ረገጠ።

ክብሪት መርፌውን አስቀመጠች። ቃል ከአፍ ይወጣል፤ ሰው ግን «ቃል ገባ» ይላል። ጨርቅ አይደለም፤ ሰው ግን «ቃሉን አጠፈ» ይላል። ዕድሜዋን ሁሉ ስትሰማው የኖረችው ነገር ነው፤ ልብ ያለችው ግን ያን ዕለት ነው። ብቻዋን ሳቀች። አባቷ በእሱ የሳቀች መስሎት ተቀየማት፤ እንዳልኳችሁ ነው፣ እሱም በማሽኑ ላይ አለቃ ነው።

በክበባት ቀን ግቢው በወላጆች ተሞላ። የእንቆቅልሽ ክበብ ድርሻ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ላይ «ያልመለሰ አገር ይሰጣል» ተብሎ ተጽፏል። የጨዋታውን ሕግ የማያውቅ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ከወደደው ይቀበላል፣ ከዚያ መልሱን ይነግራል። ወላጆች እየተቀመጡ የዓለምን ከተማ ሁሉ አስረክበው ሄዱ።

ከቀትር በፊት ምክትሉ እንግዶች አስከትለው መጡ። የሚኒ ሚዲያው ልጅ፣ በድምፁ ምክንያት ጎርናናው የሚባለው፣ ማይክራፎኑን ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይላል። ምክትሉ ኮታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። በወጣትነታቸው በእንቆቅልሽ ሰፈር ሙሉ ያስጨንቁ እንደነበር ለእንግዶቹ አስረዱ።

ክብሪት እዚህ ላይ ተቸገረች። በእንቆቅልሽ አፍ የለመደው «እንቆቅልህ» ነው፤ ምክትል ርዕሰ መምህርን ግን እንዴት አንተ ይሏል? አፏን ሁለት ሦስቴ ከፍታ ዘጋችና፣ «እንቆቅልዎት» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ምክትሉም ሳቁና ቸርነታቸውን ለማሳየት ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አሉ።

«በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም። አንተ በይኝ፣ ፈቅጃለሁ።»

አልቻለችም። ምላሷ እምቢ አለ። ምክትሉ ግን ጨዋታውን አስቀጠሉ፤ «ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ሲወጣ ገባ ይሉታል፤ ጨርቅ ሳይሆን ያጥፉታል።»

እስትንፋስ ነው አሉ፤ እስትንፋስ አይታጠፍም። ጃንጥላ ነው አሉ፤ እሱማ ጨርቅ ነው። የኪስ ቢላ፣ መሰላል፣ የአዞ ምላስ እያሉ ሄዱ፤ ስለ አዞው ማንም አልጠየቃቸውም። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉና ጨረቃን ሰጧት። ጨረቃ ላይ መቀመጫ የለም ብላ መለሰችላቸው። ውቅያኖስ ጨመሩላት፤ ዋና እንደማትችል ነገረቻቸው። ምን ትፈልጊያለሽ አሉ። በጣቷ የግምጃ ቤቱን በር አሳየች።

ምክትሉ በሩን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ፣ ማይክራፎኑን አዩ።

«ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «ቃሌ ነው።»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ፤ የክበቡ አባላት ግን ተያዩ። መልሱን በገዛ አፋቸው ተናገሩት እኮ፤ መናገራቸውን ግን አላወቁትም። ክብሪት ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። መልሱን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት የሳይንስ ክበብ ጠረጴዛ ላይ ዓመታዊው ፍንዳታ ደረሰ፤ ጭሱ ግቢውን ሸፈነው፣ ሰው እየሳቀ ተበተነ፣ ምክትሉም ሊቆጡ ወደዚያው ሮጡ። መልሱ ሳይነገር ቀረ።

በሚቀጥለው የትምህርት ቀን የግምጃ ቤቱ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ ሲታይ ማባዣ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ መሐል ላይ ተቀምጧል። ግማሹ ጥቁር ሰሌዳ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አግዳሚዎቹ ተገልብጠው እግራቸውን ሰቅለዋል። የክበቡ አባላት ነገሩን እንተወው አሉ፤ ከአለቃ ጋር ተጣልቶ ያለፈ የለም አሉ። ክብሪት አልሰማቻቸውም፤ ነድዳ ነበር።

ቢሮ ገብታ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረች። ምክትሉ በትዕግሥት ሰሟትና ፈገግ አሉ።

«ያ እኮ ጨዋታ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ጨዋታ! ይህችን ቃል ልብ በሉ። ሲሰጡ የሚጨበጨብላቸው ሰዎች ሲነሱ የሚደበቁባት ጉድጓድ ናት። ያን ዕለት ጭብጨባው ጨዋታ አልነበረም፤ ምክትሉ እስኪጠግቡ ጎንበስ ቀና እያሉ ተቀብለውታል። እንግዶቹ ፊት የተኮራበት ቸርነትም ጨዋታ አልነበረም። ጨዋታ የሆነው ክፍሉ ብቻ ነው። ልጆችን ቃል አክብሩ ብለው በየሰልፉ የሚመክሩ አፎች፣ ቃሉ የራሳቸው ሲሆን ወዲያው ጨዋታ ያደርጉታል።

ክብሪት ይህን ሁሉ ልትላቸው ደርሳ ነበር። እንባዋ ስለቀደማት ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ስትይዝ ምክትሉ ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ… መልሱ ምንድን ነው?»

ዘወር ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። ለካ እሳቸውም አልተኙም። ባለቤታቸውን ሲጨቀጭቁ አድረው፣ ባለቤታቸው ወይ ዝም በል ወይ ሳሎን ተኛ ብለዋቸዋል፤ ጠዋት ደግሞ የፊዚክስ መምህሩን ጠይቀው ጭንቀቱን ለእሱም አስተላልፈውለታል። ይህን ሲነግሯት እንደ ልጅ አፍረው ነበር።

የክብሪት እንባ እዚያው ደረቀ። ክፍሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ መልሱ ግን በእሷ።

«አገሬን ስረከብ እነግርዎታለሁ።»

«ለብቻዬ ብትነግሪኝስ?»

«በአደባባይ የተጠየቀ በአደባባይ ይመለሳል» አለች፤ በሩንም በጨዋ ደንብ ዘግታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክብሪት ራሷ አልጠበቀችውም። ወሬው ግቢውን ሞላው። ተማሪው በሰልፍ ይገምታል፣ መምህራኑ ሻይ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ድሮ ከኮሪደር ያባረራቸው ዘበኛ በሩ ላይ እያስቆማት «የበር መቀርቀሪያ ነው አይደል?» ይላታል። አባላቱ አፋቸውን ሰፍተው ያዙ። ግማሹን ሰሌዳ ከመስኮቱ ሥር አቆሙት፣ አግዳሚዎቹን አቀኑ፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ መጠያየቅ ጀመሩ። አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። የአትክልት ክበብ ሰላጣውን ይዞ መጣ፣ የቴአትር ክበብ ሽማግሌ ጢሙን እንዳጠለቀ መጣ። ደንቡ ያልተመዘገበ ክበብ አይሰበሰብም ይላል፤ ሜዳ ላይ መቀመጥን ግን የሚከለክል ደንብ ገና አልወጣም። ክብሪት ማታ ቤቷ ስትገባ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ፊቷ ግን በርቶ ነው።

«ክፍል ተነጥቀሽ ትስቂያለሽ?» አላት አባቷ።

እንቆቅልሹን ነገረችው። ከየት እንደመጣም ነገረችው። አባቷ መብራቱን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ የዚያን ሰውዬ ሱሪ ሁለተኛ እግር መስፋት ጀመረ። እናቷ ካውያውን አስቀምጣ፣ ይህች ልጅ ተአምር ሠራች አለች።

ደስታው ደስታ ነው፤ ግን የምዝገባው ቀን እየቀረበ ነበር። ክፍል ከሌለ ሜዳውም ነገ ይከለከላል። ስለዚህ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ክብሪት በእረፍት ሰዓት ወደ ሚኒ ሚዲያው መስኮት ሄደች። ጎርናናው ዘፈኑን አቁሞ ማይክራፎኑን በመስኮት አቀበላት።

«ክብሪት፣ ማጉያውን እንዳታቃጥይብኝ።»

«ለሌላ ነው የመጣሁት» አለችው።

ዘፈኑ ሲቋረጥ ግቢው ቀና አለ። በክበባት ቀን በዚህ ማይክራፎን አንድ ክፍል እንደተሰጣቸው፣ ክፍሉም መልሶ እንደተቆለፈ፣ ሰጪው ነገሩን ጨዋታ እንዳሉት ተናገረች። ጨዋታ ከሆነም ጨዋታው ገና አላለቀም አለች። ከዚያ እንቆቅልሹን ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ቃል እያስረገጠች ደገመችው፤ ሲወጣ ገባ ይሉታል፣ ጨርቅ ሳይሆን ያጥፉታል።

ምክትሉ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ከቢሯቸው ደጃፍ ወጥተው ቆመዋል። ከንፈራቸው እንቆቅልሹን አብሮ ሲል ክብሪት ከሩቅ አየች። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ፤ ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ። ገባቸው። ከመለሱ፣ የታጠፈው የማን እንደሆነ ግቢ ሙሉ ይጠይቃቸዋል። ካልመለሱ፣ አገር ይሰጣሉ። ነጻ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ አጠገባቸው የነበሩት ቁልፎች ሲንኳኩ ሰሙ፣ እጁ ግን አልወጣም።

ክብሪት ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ያን ቀን እምቢ ያላት ምላሷ ዛሬ ቀጥ ብሎ ታዘዘላት።

«ወይ መልሱን፣ ወይ ቁልፉን፣ ጌታዬ። በቢሮ አይደለም፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ። በእንቆቅልሽ አንቱታ የለም ብለው የፈቀዱልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ስለዚህ እንቆቅልህ!»