የእትየ ማሪቱ ግንባር

ኢናቭ የሜካፕ ባለሙያ ነኝ ብላ ስልክ ቁጥሯን በየቦታው ከበተነች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። በሁለቱ ወራት የቀባችው ግን ሦስት ፊት ብቻ ነው፦ የእናቷን፣ የአክስቷን ልጅና አብራት ከውትድርና የወጣችውን ጓደኛዋን። ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ እስራኤል ውስጥ ቤኤር ቱቪያ ባለው ማሕሳን፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ስታሽግ ትውላለች። ቂርያት ማላኪ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ስትመለስ ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥታ፣ ብርሃኑ ሳይሸሽ የራሷን ፊት ትቀባና ፎቶ አንሥታ ትለጥፋለች። ፎቶውን የሚወዱላት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚደውል ግን የለም።

አባቷ አንዳርጌ ነገሩ አልገባው ብሏል። ሰው ፊቱን ታጥቦ ከቤቱ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ ምን ሊሠራ ይገባል፣ ይላል። ቢሆንም ልጁን ይወዳልና፣ ከጌዴራ ስልክ የተደወለ ዕለት ማንም ሳይጠይቀው፣ ሻንጣሽ ከአንቺ ይከብዳል፣ በአውቶቡስ አትንገላቺም፣ እኔው በመኪና አደርስሻለሁ አለ።

የደወለችው ሬዑት የምትባል ሙሽራ ናት። ሠርጓ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ያቭኔ ከተማ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነው። እሷን የምታስውብ ስመ ጥር ባለሙያ ከቴል አቪቭ ከተቀጠረች ቆይታለች፤ ኢናቭ የተፈለገችው ለእናቷ ለእትየ ማሪቱ ነው።

«አማርኛ የምትችል ካልሆነች አልቀመጥም ብላለች» አለች ሬዑት በዕብራይስጥ። «ትችያለሽ አይደል?»

የኢናቭ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው፤ ለምግብና ለቁጣ ይበቃል። ያም ሆኖ፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እችላለሁ አለች።

ዓርብ ጧት ጌዴራ ሲደርሱ ቤቱ ገና ከደጁ በሰው ተጨናንቋል። ሳሎኑን ሙሽራዋና የቴል አቪቯ ባለሙያ ይዘውታል። እትየ ማሪቱ ከጓዳ በኩል ባለችው ጠባብ መኝታ ቤት፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከጎንደር ከመጡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ይሠራሉ፤ ቁጥብ ሴት ናቸው። ኢናቭ ሻንጣዋን ስትዘረጋ አዩዋት። ከዚያ አብረዋቸው የነበሩትን እህቶቻቸውን አንድ በአንድ አስወጡና በሩን ቆለፉ።

ሻሹን ሲፈቱት ኢናቭ ለምን እንደተፈለገች ገባት። ከቅንድባቸው መሃል ከፍ ብሎ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስቀል ተነቅሳለች፤ ከዓመት ብዛት ቀለሟ ወደ ሰማያዊ የዞረ። ኢናቭ እንዲህ ያለ ንቅሳት በሠፈሯ አሮጊቶች ግንባር ላይ፣ ከሻሽ ሥር ብልጭ ሲል አይታለች። እንደማይጠየቅም ታውቃለች። እትየ ማሪቱ ግን ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ሰው ሁሉ በግድ የነቀሱኝ ይመስለዋል» አሉ። «በግድ አይደለም። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የመንደሩ የክርስቲያን ልጆች ሁሉ አላቸው፣ ያምርባቸዋል። እናቴ ይኸ የኛ አይደለም ብላ ከለከለችኝ። አንድ እንቁላል ሰረቅሁና ነቃሽዋ ዘንድ ብቻየን ሄድሁ። ለቁንጅና ብየ ነው፣ ልጄ።»

ኢናቭ፣ ያምራል እኮ አለች።

«ያምራል። ግን በየሄድሁበት ይጠይቁኛል። ዕብራይስጥ ስማር ኡልፓን ይጠይቁኛል፣ ሐኪም ቤት ይጠይቁኛል፣ አውቶቡስ ላይ ይጠይቁኛል፤ አይሁድ ነሽ ወይ፣ ታዲያ ይኸ ምንድነው ይሉኛል። ዛሬ የልጄ ቀን ነው፤ ዛሬ ለማንም ማስረዳት አልፈልግም። ትችያለሽ?»

ኢናቭ እችላለሁ አለች፤ በዚያ ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ኮርሱ ላይ ንቅሳት መሸፈን የተማሩባት አንዲት ምሽት ነበረች፤ እሷ ግን በዚያች ምሽት ማሕሳኑ ትርፍ ሰዓት አስቀርቷት ካርቶን ስታሽግ ነበር።

ከሦስት ጠርሙስ ፋውንዴሽን ቀላቅላ፣ ልክ የእትየ ማሪቱን መልክ የመሰለ ቀለም አወጣች። በዚህ እጇ የተመሰገነ ነው። ቀባችው። መስቀሏ ለአፍታ ጠፋችና በምትኳ አመድ የነካው የሚመስል እድፍ ብቅ አለ። ደረበችበት፤ እድፉ ባሰበት። ሦስተኛ ስትደርብ ግንባሩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ወፈረ። ጠረገችው። ከሳሎን የሴቶች ሳቅና እልልታ ይሰማል፤ አንዷ በር አንኳኩታ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ ፎቶ አንሺው መጥቷል አለች። እትየ ማሪቱ መስታወቱን ትተው የኢናቭን ፊት አዩ።

«ወጥ እንኳ ሲያቃጥል ውሃ ይጨመርበታል እንጂ አይደፋም» አሏት ረጋ ብለው። «ተንፍሽና ጀምሪ።»

ኢናቭ ተነፈሰች። ስትተነፍስ የኮርሱ መምህርት በሌላ ቀን፣ ስለ ዓይን ሥር ጥቁረት ስታወራ የተናገረችው ትዝ አላት። ሰማያዊን በቆዳ ቀለም አትሸፍኑትም፣ ብርቱካን ነው የሚውጠው ብላ ነበር። ብርቱካን ቀለም ሻንጣው ውስጥ የለም፤ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ለማንም አይሆንም ተብሎ ሳይነካ የተቀመጠ ደማቅ ብርቱካንማ ሊፕስቲክ። በጣቷ ጫፍ ወሰደችና መስቀሏ ላይ መታ መታ አደረገችው።

እትየ ማሪቱ በመስታወት አይተው፣ ምነው ልጄ፣ በርበሬ መሰልሁ እኮ አሉ። ኢናቭ ሳቀች፤ ሳቋም እጇን አላላላት። ፓውደር ነሰነሰችበት፣ ያንን የቀላቀለችውን ፋውንዴሽን በስፖንጅ ስስ አድርጋ ጣለችበት፣ እንደገና ፓውደር። ግንባሩ ግንባር ሆነ። ከዚያ የቀረው ቀላል ነው፤ ዓይኑንና ከንፈሩን ቶሎ አበጀች።

እትየ ማሪቱ ከመስታወቱ ፊት ብዙ ቆዩ። ሻሹን ከጭናቸው አንሥተው አልጋው ላይ ጣሉት። ከዚያ፣ አንቺም ያቭኔ ትመጫለሽ፣ ይኸ ነገር ቢለቅ ማን ያበጅልኛል አሉ። መኪና ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጠ የሚጠብቀው አንዳርጌም ተጎትቶ የሠርግ እንግዳ ሆነ።

አዳራሹ ማዝጋኑ፣ አየር ማቀዝቀዣው፣ ቢሠራም በሰዉ ብዛት ይሞቃል። ኢናቭ ሥጋው ቀርቦላት አልቀመሰችውም፤ እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት የእትየ ማሪቱን ግንባር ትጠብቃለች። ቁጥቧ ሴት ዛሬ ሌላ ሰው ሆነዋል። ጸጉራቸውን ገልጠው፣ አንገታቸውን ሰብቀው፣ በእስክስታ የሙሽራውን አጎቶች አንድ በአንድ ይረታሉ። ላቡ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። ኢናቭ ስፖንጇን በመዳፏ ይዛ ተነሥታ ቆመች።

በዚህ መሃል የሙሽራው አያት፣ ነጭ ጸጉር ያላቸው ትንሽዬ የመናዊት፣ ሰዉን እየገፉ መጡ። የእትየ ማሪቱን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ታች ስበው ግንባራቸው ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ አጥብቀው ሳሟቸው። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ሲያነሡ ኢናቭ ተጠግታ አየች። ከንፈሩ ንጹሕ ነው። ግንባሩም ግንባር ነው። ኢናቭ ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን ሥጋ እስከ መጨረሻው በላችው።

አንዳርጌ አጠገቧ ሆኖ ይህን ሁሉ ሲያይ፣ ምን ሆነሽ ነው አላት። በጆሮው ነገረችው። እትየ ማሪቱን አያቸው፤ ቆይቶ ደግሞ አያቸው። የእናቱም ግንባር ላይ እንዲያ ያለች መስቀል ነበረች፤ ኢናቭ አያቷን ስላልደረሰችባት አታውቅም። እሱም ያን ዕለት አልነገራትም። «ጥሩ እጅ ነው ያለሽ» ብቻ አላት፣ ዓይኑን ከሚጨፍሩት ሳይነቅል።

እሑድ ጧት ኢናቭ ማሕሳን ውስጥ ሳለች ስልኳ ጮኸ። እትየ ማሪቱ ናቸው። በሳሙና ቢያሹት አልለቅ ብሏቸዋል፤ ዓርብን እንዲሁ አድረው፣ ሰንበትንም እንዲሁ ውለው፣ አሁን ሥራ ሊገቡ ነው። ኢናቭ የወጥ ዘይት በጥጥ አድርገው እንዲጠርጉት ነገረቻቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ሲያሹት ይሰማታል። ከዚያ ማሸታቸውን አቆሙ።

«እትየ ማሪቱ? ለቀቀ?»

«መጣች» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ አለ። «እንዴት ሰነበትሽ አልኋት። ሁለት ቀን ሙሉ መስታወት ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ሰው ከቤት የጎደለ ይመስለኛል። ለሠርግ ለሠርግ ትሸኝልኝ እንጂ ለዘወትርስ ትኑር።»

ቀጥለውም የያቭኔው ሠርግ ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶችና ቀድሞ ኡልፓን አብራቸው የተማረች አንዲት ሴት የኢናቭን ስልክ ቁጥር እንደወሰዱ ነገሯት። የአንደኛዋ ወንድ ልጅ ሠርግ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው።

በሳምንቱ ኢናቭ የፈረቃ ኃላፊዋን ሳጊን አነጋገረችው፤ ከእንግዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እሠራለሁ አለችው። ሳጊ ካርቶን ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እየቀደደ፣ በቀሪው ቀን ምን ልትሠሪ ነው አላት።

«እናቶችን እቀባለሁ» አለች።

ሳጊ ሙሽሮችን ማለቷ መስሎት ቃሉን ሊያርማት ፈለገ። እሷ ግን ጓንቷን አጥልቃ ወደ መስመሯ ሄዳ ነበር።