ጨዌን ትፋ

"ይሄን ነገር በሽቦ ነው እንዴ ያሰርከው? መኪና ነው የምትነዳው ወይስ ፍየል ነው የምትጎትተው?" አለ ፈዋዝ ከመኪናው ስር ተጋድሞ።

"ምን ላድርግ ወንድሜ? መንገድ ለመንገድ እየተንኳኳ ጆሮዬን በላው" አለ ነዚህ፣ የመኪናው ባለቤት፣ እየሳቀ።

ከሞተሩ ስር ጭቃና ውሃ እንዳይረጭ የሚከላከለው ሰፊ ጥቁር ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ፈዋዝ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠ፤ የዛጉትን ብሎኖች እየተሳደበ ፈታ። አዲሱ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። ቀላል ሥራ ነበር።

"ምን ገጭተህ ነው?"

"ውሻ። የበረሃው መንገድ ላይ ውሻ ገባብኝ።"

ፈዋዝ ተስቦ ወጣና አሮጌውን ወደ ቆሻሻው ሊወረውር ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። የጎደለውን ጥግ ያውቀዋል። እንዴት አያውቀው! ከሥራ ጠረጴዛው በላይ በሚስማር የተመታውን ስባሪ ከብርዱ ወራት ጀምሮ በየጠዋቱ እያየው ነው የሚውለው። አባቱ ሐጂ ሙጥሊቅ ከማዓን ከተማ ወጣ ብሎ መኪና ገጭቷቸው መንገድ ዳር ሞተው ሲገኙ አጠገባቸው ወድቆ የነበረው እሱ ነው። ልጆቹ ፖሊስ ሳይደርስ አንስተው ደበቁት። የአባትን ደም ለፖሊስ አስረክቦ ቁጭ ማለት ለእነሱ ሞት ነው።

ስባሪውን ከግድግዳው ነቅሎ አገጣጠመው። ልክክ አለ።

ነዚህም አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ውሻ?" አለ ፈዋዝ ቀስ ብሎ። "አባቴን ነው ውሻ ያልከኝ?"

መልስ አልጠበቀም። የጎማ መፍቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ነዚህ መሬት ላይ ተደፋ፤ በአንድ እጁ እየዳኸ ወደ በሩ ሊሸሽ ሲል ሁለተኛው ምት ጀርባውን አገኘው። ፈዋዝ ሦስተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ሊያወርድ ብረቱን ከፍ አደረገ።

"ጨውህ!" ብሎ ጮኸ ነዚህ። "ጨውህ ሆዴ ውስጥ ነው!"

ብረቱ አየር ላይ ቀረ።

እውነቱን ነው፣ በልተዋል። ሰውዬው ሲመጣ ፈዋዝ ቁርስ ላይ ነበር፤ ሰው እያየው ለብቻው መብላት ነውር ስለሆነበት እጁን ጎትቶ አስቀመጠው። "ቅመስ እንጂ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ የምታፍረው!" እያለ ከአንድ መጥበሻ የተጠበሰ ቲማቲም በዳቦ ሲያስጠቅሰው ነው ያረፈደው። በአገሩ ወግ አብሮህ የበላን ሰው፣ የበላው ከሆዱ እስኪወጣ ድረስ፣ የአባትህ ገዳይ ቢሆንም አትነካውም። የአንዱ ወንድም ጨው ቤተሰቡን በሙሉ ያስራል። ፈዋዝ ያንን ቁርስ፣ ደግነቱን፣ የራሱንም እጅ ረገመ።

ከዚያ ስልኩን አወጣና ታናሽ ወንድሙ ጋ ደወለ። "ሽቴዊ፣ ሰውዬውን አግኝቼዋለሁ። ጋራዥ ና። ሽጉጡን ያዝ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ነዚህ ዞረ። "ትፋ" አለው።

"ምን?"

"ጨዌን ትፋ! ትፋልኝ እላለሁ!"

ሆዱን በጫማው ረገጠው። ደገመው። ነዚህ እየጮኸ ተጠቀለለ። ፈዋዝ ጸጉሩን ይዞ ቀና አደረገውና ሁለት ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተበት፤ ነዚህ ነከሰው፤ የሁለቱ ደም አንድ ላይ አገጩ ላይ ወረደ። በመጨረሻ ቲማቲሙ ከነዳቦው ሲሚንቶው ላይ ወጣ።

"አሁንስ? አሁን በመካከላችን ምን አለ?"

"ምንም" አለ ነዚህ አፉን እየጠረገ። "ምንም የለም።"

"አባቴን እንደ እንስሳ ጥለኸው ሄድክ!"

"ወላሂ ቆሜያለሁ! ወርጄያለሁ። ውሃ ላጠጣቸው ስል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። 'ጥምጣሜን' ነው ያሉኝ። 'ልጆቼ ራሴ ተራቁቶ እንዳያገኙኝ።' ርቆ ነበር የወደቀው። በጨለማ ዳብሼ አመጣሁላቸው፣ አራግፌ አለበስኳቸው፣ ማሰሪያውን ጥቁር ገመድ ከላይ አደረግኩላቸው። እጄን እንደያዙ ነው የሞቱት። ከዚያ የመኪና መብራት መጣ፣ ሸሸሁ።"

ፈዋዝ የያዘውን ጸጉር ለቀቀ። መኪና ወርውሯቸው የሞቱት ሐጂ ሙጥሊቅ፣ ጥምጣማቸው ከነገመዱ ለሠርግ እንደተዘጋጀ ሰው ተስተካክሎ ነበር የተገኙት። ሬሳውን ያነሱት ፈዋዝና ሽቴዊ ብቻ ናቸው ያዩት። ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ለእናታቸው እንኳን አልነገሩም።

"ለምን ሰው አልጠራህም?" ብሎ በጥፊ መታው። እንባው እየወረደ ነበር። "ለምን፣ አንተ ከሃዲ? ለምን?"

"ፈራሁ። በቃ ፈሪ ነኝ፣ ፈራሁ።"

ውጭ የመኪና ፍሬን ተንጫጨ። በር ጓ ብሎ ተዘጋ። "የታል?" ይላል የሽቴዊ ድምፅ። "የታል ይሄ ውሻ?"

ፈዋዝ ሰውዬውን አየው። አሁንም ሊገድለው ይፈልጋል። ግን ከመጥበሻው ጎን የቀረችውን ዳቦ አነሳና ቁራሹን መጥበሻው ውስጥ በተረፈው ቲማቲም አጥቅሶ ደም የሞላው አፍ ውስጥ ወተፈበት።

"ብላ" አለው በሹክሹክታ። "ዋጥ! ቶሎ በል፣ የተረገምክ!"

ሽቴዊ ሽጉጡን መዝዞ ሲገባ ነዚህ ገና እያኘከ ነበር። ፈዋዝ ከሁለቱ መሃል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ራሱም ከዳቦው ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ቁርስ ላይ ነን" አለው ወንድሙን። "ሽጉጡን አስቀምጥና ፖሊስ ጥራ።"