ከሐዳሳ ድምፅ ሥር

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም። ያም ሆኖ እኔ ካሳሁን የድምፅ ሚክሰር ላይ እጄን አሳርፌ ያላስለቀስኩት ሰው እንደሌለ ከሀዋሳ ፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ማንንም ጠይቁ። ኦርጋንም እጫወታለሁ። ድምፃዊው ኩማን ኩማ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ቢኖር ይህን ይክድ ነበር፤ ግን ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «ጀልባዋ ስትመለስ» የሚለውን ዘፈኑን ሲዘፍን የሀዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች ወደ ዳር ይወጡ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አርባ ጉማሬ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከጉማሬዎቹ ያነሰ ነገር ነው። ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

ሐዳሳ የኩማ አንድ ልጅ ናት። አባቷ በሞተ በዓመቱ፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ለመታሰቢያው ያንን ዘፈን ትዘፍናለች ተብሎ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣች። ሦስት መቶ ሺህ ሰው ነበር። ግቢው ያን ያህል አይይዝም የሚሉኝ አሉ፤ እነሱ አልነበሩም። ልጅቷ ማይኩን ይዛ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ፍላሼ ላይ የዘፈኑ የስቱዲዮ ቅጂ ነበረ፤ በግራ በኩል ሙዚቃው ብቻ፣ በቀኝ በኩል የኩማ ድምፅ ብቻ። መክፈት የነበረብኝ ግራውን ነው። ቀኙንም ከፈትኩት። በጣም ትንሽ፤ ጆሮ ለይቶ የማይሰማው፣ ደረት ግን የሚሰማው ያህል። አባቷ ከድምፅዋ ሥር ገባና እጇን ይዞ ዘፈኑን አሻገራት።

ሰዉ አለቀሰ። «አባቷ መጣባት» ተባለ። ማታውኑ ከተማው ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ አመሸ።

ከዚያ ወዲያ እንዴት ይቆማል? ዲላ ስንሄድ ያንን ዘፈን አሉ፣ ሶዶ ስንሄድ ያንን ዘፈን አሉ። ፖስተሩ ላይ «የኩማ ልጅ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል፤ «ሐዳሳ» የሚለውን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። የራሷን አሥራ አንድ ዘፈኖች ጽፋ ደብተር ውስጥ አስቀምጣለች፤ የጠየቃት የለም። እኔም አሥር ዓመት ሙሉ ቀኙን ስከፍት ኖርኩ። እሷ አታውቅም። አንድ ቀን ብዘጋው ድምፅዋ ጠፋ ይሉብኛል ብዬ ፈራሁላት።

እናቷ እትዬ ገበያነሽ የቸርች ሰው ናቸው። ዘፈን ቤት አይገቡም። ግን ሐዳሳ ሀዋሳ ውስጥ በዘፈነች ቁጥር ባጃጅ ይዘው ይመጡና ከሆቴሉ አጥር ውጭ ያቆማሉ። ባጃጁ ውስጥ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ያቺን አንዲት ዘፈን ይሰማሉ። ስታልቅ ሹፌሩን «እንሂድ» ይሉታል። ከልጃቸው አፍ ሁለተኛ ዘፈን ሰምተው አያውቁም።

ባለፈው ዓርብ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ሐዳሳ ወሬ ጀመረች።

«ጋሽ ካሳሁን፣ እሁድ ፊልሞን ከአዲስ አበባ ይመጣል።» ፊልሞን አልበም የሚያሠራ ሰው ነው። «ምን አለኝ መሰለህ? የአባትሽ ካሴት ቤቴ አለ፣ አንቺን ካልሰማሁ አልበም የለም።»

«ይሰማሻላ። እኔ ነኝ ሚክሰሩ ላይ የምቀመጠው።»

«እኔን ማን ሰምቶኝ ያውቃል?» ዓሣውን ገፋ አደረገችው። «ያንን ዘፈን ስዘፍን አንድ ሰው ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል። እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ እሱ ይዘፍናል። ደክሞኛል።»

የጎረስኩት ትን አለኝ። እሾህ ነው አልኳት። ካጠገባችን የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳን እሾህ እንዳልሆነ ያወቁ ይመስል አፍጥጠው ያዩኛል። ውኃ ጠጣሁና ነገርኳት፤ ፍላሹን፣ ግራና ቀኙን፣ ሁሉንም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ዲላም?»

«ዲላም።»

«እናቴ ባጃጅ ውስጥ ሆና የምትሰማው…»

«ኩማን ነው። እኔ መክፈት ብቻ ነው ሥራዬ።»

ዓይኗን ወደ ሐይቁ መለሰች። «ትንፋሹስ?» አለች።

«የቱ ትንፋሽ?»

«ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው የሚስበው። ፉጨት ያለበት።»

እንደገና ውኃ ጠጣሁ። ኩማ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት እውነትም እንደዚያ ይስብ ነበር። ግን ያንን ትንፋሽ ቅጂውን ሳጸዳ እኔው ራሴ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ፍላሹ ላይ የለም። እኔም ላለፉት ሁለት ዓመታት መድረክ ላይ ስሰማው ጆሮዬ ነው ስል ነበር።

«እሁድ ፍላሽ የለም» አለች። «በኦርጋን ታጅበኛለህ። ለእናቴም አንተው ትነግራታለህ።»

እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባጃጇ ቦታዋ ቆማለች። ገባሁና ከእትዬ ገበያነሽ ጎን ተቀመጥኩ። አንዲት ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ። «ካሳሁን፣ እነዚያ ጉማሬዎች መጀመሪያ ስታወራኝ ስንት ነበሩ?»

«እትዬ፣ አሁን ስለ ጉማሬ አይደለም…»

«አራት ነበሩ። ሠርጌ ላይ ደግሞ ‹እኔ ባልዘፍን ኖሮ ሙሽራው ይጠፋ ነበር› ብለህ አውርተሃል። አሁን ደግሞ የባሌን ድምፅ የማሰማው እኔ ነኝ በለኝ።»

«ይሄኛው እውነት ነው።»

«ፓስተሩም የሞተ ሰው አይመለስም ይለኛል። ፓስተሩ የኩማን ድምፅ አያውቀውም። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ አታሹፍብኝ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

በሕይወቴ ሰው ሳያምነኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፍላሹን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ ኦርጋኑ ኋላ ተቀመጥኩ። ሚክሰሩ ላይ ክፍት የነበሩት የሐዳሳ ማይክና የእኔ ኦርጋን ብቻ ናቸው። ፊልሞን ከፊት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የዚያን ዘፈን መግቢያ ተጫወትኩ። ሐዳሳ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

ትንፋሹ መጣ።

በአፍንጫ፣ ፉጨት ያለበት፣ ረጅም። ከዚያ ዘፈኑ ተጀመረ፤ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ሆኖ። ከሐዳሳ ሥር ኩማ ነበረ። እንዲያውም ከፍላሹ ይልቅ ቅርብ ነበር። ሕዝቡ ማልቀስ ጀመረ። ሐዳሳ ዞር ብላ በዓይኗ ስትሰድበኝ ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። እጄ ኦርጋኑ ላይ ነበር እንጂ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

የመጀመሪያው አንጓ አልቆ እኔ መሐሉን ስጫወት ወደ ኦርጋኑ መጣችና ጎንበስ አለች።

«ኪውን ከፍ አድርገው።»

ኪ የምንለው ዜማው የሚነሣበትን ከፍታ ነው። ያቺ ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ በወንድ ከፍታ ነው የዘፈነችው፤ ፍላሹ የአባቷ ስለሆነ እኔ ለእሷ ከፍ አድርጌላት አላውቅም።

«ስንት ላድርገው?»

«እሱ እስከማይደርስበት።»

ኩማ የት ድረስ እንደሚደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ ጉራ አይደለም። በታመመበት በመጨረሻው ዓመት ድምፁ ሲሰበር በኦርጋን የምሸፍንለት እኔ ነበርኩ። የኦርጋኑን ኪ ከፍ ማድረጊያ ቁልፍ አምስት ጊዜ ተጫንኩ። ጣቴ ጓደኛዬን ከቤቱ የማስወጣ ያህል ከበደኝ።

ሐዳሳ ገባች። እሱም ተከተላት። አንድ ስንኝ አብሯት ሄደ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ልክ እንደዚያ እንደ መጨረሻው ዓመት። ዛሬ ግን አልሸፈንኩለትም። ለሦስተኛው ስንኝ እንደገና ትንፋሽ ሳበ።

ሲስብ ሰማሁ። ሲያወጣ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ሐዳሳ ብቻዋን ነበረች። እንደ አባቷ አይደለችም። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ሻከር ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ዜማውን ስትስትም ሰማኋት። ማልቀሱ ቆመ፤ ሰዉ ግራ ተጋብቶ እርስ በርሱ ተያየ። ፊልሞን ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ፊት ዘንበል አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያጨበጨበው ሃያ ሰው ቢሆን ነው። ሃያ ነው ያልኩት።

ሐዳሳ ጊታሯን አንሥታ ከደብተሯ አንዱን ዘፈን ልትጀምር ስትቃኝ፣ እኔ በጓሮ በር ወጥቼ ወደ ባጃጇ ሮጥኩ። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ሞተሩን አስነሥቷል። እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው አውርደዋል።

«መጀመሪያ ላይ ነበረ» አሉኝ። «መሐል ላይ ሄደ።»

«አውቃለሁ።»

«ደህና ሁኚ ሳይለኝ።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ከዚያ በኋላ የዘፈነችው ማን ናት?»

«ሐዳሳ ናት እትዬ።»

«የእኔ ሐዳሳ?»

የጊታሩ ድምፅ በአጥሩ ላይ አልፎ መጣ፤ ከኋላው ያ ቀጭን ድምፅ። እኔ ትንፋሹን ጠበቅኩ። አልመጣም። እትዬ ገበያነሽም ሲጠብቁ አየኋቸው።

ሹፌሩ ዞር ብሎ «እንሂድ ማዘር?» አላቸው።

«ሞተሩን አጥፋው እስቲ» አሉት። «አላሰማኝም።»